የኒኮላስ ቀን ፈቃድ

ልጄ ዱንያ፣ የቤታችን ጠባቂ ቅዱስ ኒኮላስ በርሊንም ድረስ ካጠገብሽ አይለይ። እኛ ደኅና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ብርዱ ሲመጣ ያስቸግረዋል።

እልል በይ! የሠራሽው የሠራተኛ ፈቃድ መጠየቂያ ፕሮግራም እኛ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባ! "የኔ ልጅ ናት የሠራችው" ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም። እኔም እየተኩራራሁ ለስላቫችን፣ ለኒኮላስ ዝክር፣ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቅኩበት። "ያን ቀን የጠየቀው ሰው በዝቷል" ብሎ ከለከለኝ! አይበዛም እንዴ? ግማሹ ፋብሪካ ኒኮላስን ይዘክር የለ!

አጠገቤ የምትሰፋው ራዶይካ ሣቋን ለቀቀችው። "ልጅሽ በርሊን ገብታ ስላቫ ረሳች እንዴ?" አለችኝ።

"ልጄ አልረሳችም፤ ኮምፒውተሩ ነው ጀርመን የሆነው!" አልኳት። አልኳት እንጂ ቤት እንደገባሁ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

በይ ቶሎ አስተካክይው፤ ራትሽን ሳትበዪ ግን ሥራ ላይ እንዳትቀመጪ። የያዝሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ የኔ ዓለም። ደግሞ ሲስተካከል መጀመሪያ የራስሽን ፈቃድ ጠይቂበት። የስንዴውን ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ ወንበርሽም ቦታው ነው። ፕሮግራምሽ እምቢ ካለሽ፣ እኔ እናትሽ ፈቅጄልሻለሁ።