ጥንዷ የጠፋባት ሴትዮ

አምቦ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዱረቲ፣ ቱሪን

ልጄ፣ ያ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ድምፅሽን ስሰማ ተውኩት፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

የላክሽልኝን የድሮ ሲኒማ ካርድ ከጎረቤታችን ከኦቦ ሙለታ ጋር ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ እንጫወተዋለን። ፊታቸውን ደፍተን እንደረድራለን፣ ሁለት ሁለት እንገልጣለን። በእጅ የሚዞር ካሜራ አለ፣ ከመጋረጃው ሥር ፒያኖ የሚመታ አለ፣ ባርኔጣው የተጣመመ ቀልደኛ አለ፣ አንዲት ዓይናማ ሴትዮም አለች። «ጥንድ ጥንዱን ፈልግ» ብለሽ ስለጻፍሽ፣ መጀመሪያ ባለባርኔጣውን ከዓይናማዋ ሴትዮ ጋር አጋባናቸው! ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው መምህርት ፌቨን አይታ በሳቅ ሞተች።

«ጋሼ አያና፣ ጥንድ ማለት እኮ አንድ ዓይነት ሥዕል ነው!»

ሙለታ አልተዋጠለትም። «አንቺ ልጅ፣ በሬ ጠምደሽ ታውቂያለሽ? የእኔ ጥንድ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር ነበር!»

ከዚያ ወዲህ በደንቡ እንጫወታለን። «አንተ አያና፣ አሁን የገለጥከውን ረሳኸው?» ይለኛል። እሱ ለቀልድ ነው። እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ባለፈው ወር ከሁለቱ ዓይናማ ሴትዮዎች አንዷ ጠፋች። አልጋ ሥር፣ ምንጣፍ ሥር ፈለግን። አንቺ ስትደውዪ «ሲመጣም ጎድሎ ነው የመጣው» አልኩሽ፤ ከሻጮቹም ጋር ተጣላሽልኝ። ለእናትሽ ሙት ዓመት መጥተሽ ሳለ፣ «አባዬ፣ መርሳት ከጀመርክ ትምህርቴን ትቼ እመጣለሁ» ብለሽኝ ነበር። አንድ ዓመት ነው የቀረሽ። እሱን ፈርቼ ዋሸሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቁርባን መቅረብ አቅቶኛል።

ትናንት የጸሎት መጽሐፌን ስገልጥ ካርዷ ከመሐል ወጣች። እናትሽ ጉደር ፏፏቴው ዳር ከተነሳችው ፎቶግራፍ ጋር፣ ፊት ለፊት ተገጥማ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ከተማችን ሀገረ ሕይወት ስትባል፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንሶላ ሰቅለው ድምፅ የሌለው ፊልም ሲያሳዩን፣ እኔ አንሶላውን ትቼ እናትሽን ሴናን ነበር የማየው።

መጽሐፉን ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። ጥንዷን አግኝቼላት ኖሯል። መቼ እንዳደረግሁት ግን፣ ልጄ፣ አላውቅም።

ሻጮቹን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ሰኞ ፌቨን ሐኪም ዘንድ ትወስደኛለች፤ የሚለውን ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ትምህርትሽን እንዳትነኪ፣ አደራ።

መግቢያ መውጫሽን ይጠብቅልኝ፤ በሰው አገር ደግ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ አያና ጉዩ

ካርዷን እናትሽ ጋ መልሼያታለሁ። አንድ ቀን የት እንዳለች ብጠይቅሽ፣ አንቺ ንገሪኝ።