ውሃ ልጠጣና እመለሳለሁ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት 4 ሰዓት።

የባቡሩን ፊልም አሁን ጨረስኩ። ሌቦቹ ከባቡር ባቡር ይዘላሉ። ፖሊሱም ይዘላል። መጨረሻ ላይ ድልድዩ ተሰብሮ ባቡሩ ራሱ ዘለለ። ታሪክ የለው፣ ምን የለው። ከአሥር ሦስት። ሦስቱም ለብ. ነው።

ብ. ወንድሜ ነው። አንቺ ደብተሬማ ታውቂያለሽ፣ ዓምና ሙሉ ስለሱ አልቅሼብሻለሁ። ስሙን ሙሉ ለመጻፍ እጄ እምቢ ካለኝ ቆየ፤ በአንድ ፊደል ቀርቷል። ሥራው የውጭ ፊልም በአማርኛ መተርጎም ነበር። በጽሑፍ አይደለም፣ በድምፅ። አንድ ማይክ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ጀግናውም፣ ሌባውም፣ የጀግናው ሚስትም በሱ ድምፅ ያወራሉ። በኩላሊት ከሞተ ዓመት ከሦስት ወሩ።

የብ. ፊልሞች ያሉበትን ዲስክ ትናንት ጋሽ ከድር ሰጡኝ። ካዛንቺስ፣ ከቤታችን ጀርባ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው። የብ.ን ሥራ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ እኔና እማዬ እዚህ ወሎ ሰፈር ተከራየን፤ እሳቸው ኦሎምፒያ ጠባብ ሱቅ ከፍተው ፊልም በፍላሽ ይጭናሉ። ዕቃ ሲያስተካክሉ አገኙት። አሥራ አንድ ፊልም። እኔ ጋ ከሚሻግት ለእናትሽ ይሁን አሉ።

ለእናቴ አልሰጠሁም። በኢርፎን ነው የማየው። ድምፁን ከሰማች ምን እንደምትሆን አላውቅም።

ብ. አንድ ጸባይ ነበረው። ቀረጻ አያቋርጥም። ማሳደድ ሲጀመር፣ በመኪናም ይሁን በፈረስ፣ ወሬ ስለሌለ «ውሃ ልጠጣና እመለሳለሁ» ይላል። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ማሳደዱ ሲያልቅ «መጣሁ» ይልና ይቀጥላል። ቆርጦ አያወጣውም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተመልካቹ በሙሉ «ጠጣ! ጠጣ!» ይለው ነበር።

ባቡሩ ላይም አለው። ውሃ ልጠጣና እመለሳለሁ። ኢርፎኑን ነቀልኩት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ሰካሁት። መጣሁ፣ አለ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል።

እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች። ቤቱ የኔ ነው። የመንፈሱ ፊልም። ቤተሰቡ አዲስ ቤት ይገባል፣ በር ብቻውን ይከፈታል፣ ልጅቷ ከግድግዳ ጋር ታወራለች፣ አባትየው ንፋስ ነው ይላል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ንፋስ ነው። ውጡ እንጂ! እኛ ምንም መንፈስ ሳያባርረን ወጥተን የለ። አራት ከአሥር።

ፈራሁ ግን። ፊልሙን አይደለም። በእንግሊዝኛው መንፈሱ ቃል አይተነፍስም። ብ. አሳዘነው መሰለኝ፣ አናገረው። «እዚህ ነበርኩ እኮ፣ ምነው ረሳችሁኝ» አስባለው። ከራሱ ፈጥሮ። ጆሮዬ ውስጥ። ፀሐይ ቤቱን ሞልታው እያለ ተነስቼ በሩን ቆለፍኩ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፣ አልለቅ አለ። ቤት ሲፈርስ ቤቱ ውስጥ ያለው ወዴት ይሄዳል? ካዛንቺስ የብ. መኝታ ክፍል የነበረበት አሁን የእግረኛ መንገድ ነው። መብራት ተተክሎበታል፣ የድንጋይ ወንበር አለው። ያምራል፣ አልዋሽም። ከቢሮ ስወጣ ግን በዚያ አላልፍም፣ ዞሬ ነው የምሄደው። ሰው የምረግጥ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ።

ፊልም ሦስት፣ ትናንት ማታ። የወንበዴ ቤተሰብ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ ግማሹ እራት። ሲበሉ ይዛዛታሉ፣ ሲዛዛቱ ይበላሉ። አባትየው ጎበዝ ተዋናይ ነው፣ ዓይኑ ብቻ ይበቃዋል። ስምንት ልሰጠው ነበር። ቀብሩ ላይ ስደርስ አጠፋሁት።

ያን ቦታ አውቀዋለሁ። አንድም ቀን አልጻፍኩልሽም። አሁን ልጻፈው፣ ሻዩም ይቀዝቅዝ።

እኔ የመ/ቤት ተርጓሚ ነኝ። ውል፣ ደብዳቤ፣ ሪፖርት፤ ማህተም የሚያርፍበት አማርኛ። ብ. «የታጠበ ሬሳ» ይለው ነበር አማርኛዬን። ቃል ሲያቅተው ግን ወደኔ ነው። እህትዬ ይሄ ምንድነው? በቀን አራቴ፣ አምስቴ። ይሄን ፊልም ሳይጠይቀኝ ሠራው። ሟች ተቀብሮ፣ ሰው ተራ በተራ ወደ ልጁ እየቀረበ «አይ አም ሶሪ» ይለዋል። ብ. ሁሉንም «ይቅርታ አድርግልኝ» አስባላቸው። አሥራ ምናምን ሰው በሰልፍ ይቅርታ ጠየቀ።

ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሏል። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ጮክ ብዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ነው እንጂ፣ ሁሉም ናቸው እንዴ የገደሉት? አልኩ። ቤቱ አውካካ። ብ. ከፊት ተቀምጦ ነበር። ዞሮ አየኝ። ሳቀም።

ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ቃል አልጠየቀኝም። ሁለት ዓመት። እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ እንሳሳቃለን፤ እህትዬ ይሄ ምንድነው የለም። እኔም ይቅርታ አላልኩም። ትክክል ነበርኩዋ! ትክክል መሆን እንዲህ እንደሚያንቅ ማን ነገረኝ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ እየቀረበ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ። በትክክለኛው አማርኛ። እኔ በሆዴ የምለው የብ.ን ስህተት ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ማታ 3 ሰዓት።

ፊልም ቀርቶ ጌም። ቤት ስንቀይር ያልተከፈተ ካርቶን ነበር። ውስጡ የብ. የጌም ማሽንና ማይኩ። ማይኩን መልሼ ከደንኩት።

ጌሙ ምን ይመስላል? ፈረሰኛ፣ ሜዳ፣ ተራራ። ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ሣሩ በንፋስ ሲተኛ የምር ነው። ጨዋታው ግን ያደክማል። አንድ ሰዓት ጋልበሽ አንድ ሽማግሌ ታገኛለሽ፣ ቀበሮ ግደይልኝ ይልሻል። ትገድያለሽ። ሌላ ቀበሮ። ለእንዲህ ያለ ሥራማ ቢሮዬ መች አነሰኝ።

ዋናው እሱ አይደለም። ስከፍተው የብ. ሰውዬ ወንዝ ዳር ቆሟል። ከፈረሱ ወርዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ብ. እዚያ ነው ያቆመው። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ዓመት ከሦስት ወር እዚያ ቆሞ ይተነፍሳል። ላየው ብቻ ነበር የፈለግኩት። አሥር ደቂቃ አየሁት። ከዚያ እጄ አላርፍ አለ፣ አንድ ቁልፍ ነካሁ፣ ፈረሱ ላይ ወጣ።

ተጫወትኩ። ደስ አለኝ ጭምር፣ እግዜር ይይልኝ። ስጨርስ ጌሙ ራሱ ሴቭ አደረገ። አልጠየቀኝም። ማስቀመጫ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የኔ የሱን በላው። ወንዙን ፈለግኩት፣ የቱ ወንዝ እንደሆነ አላውቅም። ሰውዬው አሁን አንድ ጎተራ አጠገብ ቆሟል፣ የሞተ ቀበሮ ይዞ።

የነካሁትን ሁሉ አጠፋለሁ። ከእንግዲህ የብ. ነገር ላይ እጄን አላሳርፍም። በቃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከሰዓት 10 ሰዓት።

ተያዝኩ።

አራተኛው ፊልም ላይ ነበርኩ። ውሻ ነው፤ ጌቶቹን ፍለጋ አገር ያቋርጣል። በእንግሊዝኛው ይጮኻል ብቻ፤ ብ. ግን ሙሉ ንግግር ሰጥቶታል። ዘጠኝ ከአሥር። የኢርፎኑ ሽቦ በወንበሩ እግር ተይዞ ተነቀለ። የብ. ድምፅ ቤቱን ሞላው። ዝናቡ ያባራል፣ ቤቴን አላጣውም፣ እያለ፣ በውሻው አፍ። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፣ ግማሽ ሽንኩርት በእጇ።

አልጮኸችም። ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ገብታ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እንግዳ የመጣ ይመስል። አጠፋሁት። ምን ያጠፋሻል? አለች። ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው አየችው። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። ጅቦች ውሻውን ሲያሳድዱት ብ. ውሃ ልጠጣና እመለሳለሁ አለ።

«ጠጣ፣ የኔ ልጅ» አለችው።

ሲያልቅ፣ ስንት ቀን ሆነሽ ብቻሽን ስትበዪው? አለችኝ። ስምንት ቀን። ራሴን ጠላሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ማታ 4 ሰዓት።

አሁን ከቢሮ ስገባ ተዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። እሑድ አምስት፣ ትናንት ሁለት አየን። ፍርዷ ከኔ ይከፋል። የባቡሩን ሌቦች፦ ሥራ ፈት። የመንፈሱን ቤተሰብ፦ በጊዜ ጠበል ቢገቡ ይሄ ሁሉ አይመጣም። ጌሙንም አሳየሁዋት፤ ሰውዬውን እንዲህ ቆሞ አትተዪው፣ ቤት አስገቢው አለች። ቤት የለውም አልኩ።

ዛሬ የወንበዴዎቹ ተራ ነበር። ቀብሩ ሲመጣ ለማሳለፍ እጄን ዘረጋሁ። ተይው አለች። ያ ሁሉ ሰው በብ. ድምፅ እየቀረበ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሳቋን ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ደግ ሰዎች ናቸው፣ አለች። ማን አለ ሟችን ያላስቀየመ።

ልብስ ላስገባ ብዬ ወጣሁ። ልብሱ አልደረቀም ነበር። አስገባሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ማታ 3 ሰዓት ተኩል።

የመጨረሻው ፊልም። አሥራ አንደኛው። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ የአባት ጀልባ፣ ሃያ ዓመት ኩርፊያ። ምንም አይፈጠርም፣ ሐይቅና ጭጋግ ነው። በጣም ወደድኩት። የብ. ድምፅ ቀጥኗል። በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ሲተነፍስ ይሰማል። እማዬ አብራው ትተነፍሳለች።

ታናሽየው ይሞታል። ታላቅየው ለቅሶ ይመጣል። በሩ ላይ ደረሰ። እጁን እጀታው ላይ አደረገ። ብ. «ውሃ ልጠጣና እመለሳለሁ» አለ።

ማሳደድ የለም እኮ። ማንም አይሮጥም። ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ እንግሊዝኛ። ሃያ ሁለት ደቂቃ እንግሊዝኛ።

እማዬ እስከ መጨረሻው ጠበቀችው። የሠራተኞቹ ስም እየወጣ እንኳ አልተነሳችም። አልመጣም፣ አለች። ቆይታ ደግሞ፦ ሰውየው ገባ? ምን አለ?

ገባ። እናቱ ፊት ቆመ። «አይ አም ሶሪ» አላት። ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱንም ይሆናል፤ ያጽናሽም፣ ይቅር በዪኝም። አማርኛ ግን አንዱን ምረጪ ይላል።

አልሰማሁትም፣ ቋንቋው ከበደኝ አልኳት። ባለ ማህተሟ ተርጓሚ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ማታ 2 ሰዓት።

ከቢሮ በቀጥታ ኦሎምፒያ። ቀሪው የት አለ ብዬ ጋሽ ከድርን ጠየቅኳቸው። የለም። ያኔ ጨርሰው እንጂ ብለውት ነበር። አንዲት ቃል ይዛኛለች፣ እህቴን ጠይቄ እመለስበታለሁ አላቸው። በሳምንቱ ሆስፒታል ገባ። ጋሽ ከድር የስልክ ቀፎ እያገላበጡ፣ ሳያዩኝ፣ «ማለቴ… ያኔ ስቀንበት የለ፣ እኔም ስቄያለሁ። በቃ፣ አንቺን ነበር የሚጠብቀው ልጄ» አሉ።

ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን አጠገቡ ነበርኩ። አልጠየቀኝም። እኔም ምን ያዘህ አላልኩትም። ትራስ አስተካክል ነበር።

ታክሲ አልያዝኩም። በእግሬ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ፣ ዛሬ ሳልዞር። የድንጋዩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ይጣደፋል። እዚህ ነበርኩ እኮ የሚለኝን ጠበቅኩ። ንፋስ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። ከሰዓት 8 ሰዓት።

ማይኩን ከካርቶኑ አወጣሁት። አፉ ላይ ያለው ስፖንጅ የሱ ሽታ አለው፣ ወይ ለኔ መሰለኝ።

ትናንት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም አጠፋሁ። ታላቅየውን «በመካከላችን የተፈጠረውን አለመግባባት በተመለከተ» አስባልኩት። እኔው ሳቅኩ። ብሩክ ልክ ነበር፣ የታጠበ ሬሳ።

ስሙን ጻፍኩት። አየሽ?

የሱን ቀረጻ አልነካም። ሁለት ቦታ ኮፒ አድርጌዋለሁ፣ ጌሙ አስተምሮኛል። የኔ የሚገባው እሱ ካቆመበት ቀጥሎ ነው። ድምፄ አስቀያሚ ነው፣ ያውም የሴት ድምፅ ለጢማም ጀልባ ነጂ። ይሁን።

ቃሏንም መርጫለሁ። ታላቅየው ገብቶ እናቱ ፊት ሲቆም «ይቅርታ አድርጊልኝ» ነው የሚለው። ቢሮ ቢያየው ያርመዋል። ያርመው።

እማዬ ሳሎን ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ። ሰውየው ምን እንዳለ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። ጎረቤት ቲቪ እስኪዘጋ ጠበቅኩ፣ አሁን ጸጥ ብሏል። ብርጭቆዬን ሞልቼ አጠገቤ አድርጌያለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቃል ትቀድማለች፤ ፊልሙ ላይ የለችም፣ እማዬ ሐሙስ ስትጠብቃት የነበረችው። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ። «መጣሁ» እላለሁ።