ልጆቻችን ታይገርን እንዲያጎርሱ ላዘዙት ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ደገፋ መርጋ
የሰፈራችን የሰላምና የሌሊት ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዳማ

እጅግ የማከብርዎ አቶ ደገፋ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉንጭዎ ያልተሰፋ፣ ክንድዎ ያልተጠቀለለ፣ እንቅልፍዎም በልጅ ጩኸት ያልተቋረጠ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በእኛ ቤት ሰሞኑን ከእነዚህ አንዱም ስላልተገኘ፣ ጤና ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ በሚገባ ተምረናል፤ ትምህርቱን ያለ ክፍያ ስለሰጡንም አመሰግናለሁ።

ደብዳቤውን ለሁሉም እንዲነበብ ያደረግሁት ለብቻዎ ላነጋግርዎ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ለሰፈሩ ሰላም ይህን ያህል የሚሰበሰብ ሰው በከተማችን መኖሩ ያኮራል። እኔን ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ፎዚያ ኑሬ እባላለሁ። እዚሁ አዳማ ተወልጄ ያደግሁ፣ በሕዝብ ጤና የተመረቅሁ፣ የአራት ዓመቷ የሱሃይላ አክስት ነኝ። ሱሃይላ የታላቅ እህቴ የዙህራ ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌቦች የውሃ ቆጣሪ እየነቀሉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየቆረጡ ሰፈሩን ባስመረሩ ጊዜ ክቡርነትዎ ቢሾፍቱ ካለ ዘመድዎ ሁለት ትልልቅ ክልስ ውሾች አስመጡልን። አንዱ ታይገር፣ ሌላው ቦቢ ይባላሉ፤ በኋላ እግራቸው ሲቆሙ የፊት እግራቸው የአዋቂ ሰው ትከሻ ላይ ይደርሳል። የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ከመዋዕለ ሕጻናቱ ጋር አንድ ግቢ ነውና፣ አጥሩም ከሰፈሩ ሁሉ የተሻለ ነውና፣ ውሾቹ እዚያው እንዲያድሩ ተወሰነ። አደሩ፤ ዋሉም። ሌሊት ሌባ የሚያባርሩ ውሾች ቀን ቀን ከስልሳ የማያንሱ ሕጻናት ጋር ግቢ እንዲጋሩ ማድረግ ብልህነት መሆኑን የተጠራጠርነው ጥቂቶች ብቻ ነበርን። ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉርሻው። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ውሾቹ ልጆች ቢነክሱስ ብላ ስትጠይቅዎ ፈገግ ብለው የመለሱትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። “እኛ ሰውን የምንዘመደው አጉርሰን አይደል እንዴ? ውሻስ ምን ልዩነት አለው? እያንዳንዱ ልጅ ከምሳ ዕቃው አንዳንድ ያጉርሳቸው፣ በሳምንት ውስጥ ቤተሰብ ይሆናሉ” አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ጥበቃው ጋሽ ሰንበታ ሰንሰለቱን ይዘው ይቆማሉ፣ ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ በእነዚያ ወጥ በነካቸው ትንንሽ ጣቶች ፍርፍሩ ውሾቹ አፍ ውስጥ ይገባል። እንግዳ ሲመጣም ሰልፉን እያሳዩ ፎቶ እንዲነሳ ያደርጉ ነበር። ስለ ውሻ ሥልጠና ጥቂት አንብቤያለሁ፤ ትልቅ ውሻ የሕጻን እጅ ባየ ቁጥር የእኔ ምግብ ነው ብሎ እንዲያስብ የሚያሠለጥን ሰው ግን ከክቡርነትዎ በቀር አላጋጠመኝም። የሰው ፍቅር የሚገለጽበትን ጉርሻችንን ወስደው ውሻን ሕጻን ላይ የሚያዘልል ነገር ማድረግ ተራ ጭንቅላት የሚያፈልቀው ሐሳብ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሳቁ። በዚያው ስብሰባ ተነስቼ የተናገርሁትን ቃለ ጉባኤው ስላልያዘው እኔ ልያዝልዎ። የአራት ዓመት ልጅ ስትቆም ፊቷ ከትልቅ ውሻ አፍ ጋር እኩል ነው አልሁ። አዋቂ ሰው የሚነከሰው አብዛኛውን ጊዜ እግሩን ነው፤ ሕጻን ግን ፊቱንና አንገቱን ይነከሳል። ልጅ የውሻን ቁጣ አይለይም፤ ጆሮውን ሲያጋድም፣ ሰውነቱ ሲገተር፣ ከንፈሩን ሰብሰብ ሲያደርግ ይስቅልኛል ብሎ ያቅፈዋል። ሲፈራ ደግሞ ይሮጣል፤ የሚሮጥና የሚጮህ ትንሽ ነገር ለአዳኝ እንስሳ ምን እንደሚመስል እርስዎም ያውቁታል። ውሻው እጅግ የዋህ ቢሆን እንኳ ክብደቱ ብቻ ልጅ ይጥላል፤ ስለዚህ የትኛውም ትልቅ ውሻ፣ የገዛ ቤት ውሻ ቢሆንም፣ አዋቂ በቅርብ ሳይኖር ከሕጻን ጋር አይተውም አልሁ። እርስዎም በአባታዊ ርኅራኄ “አንቺ ልጅ፣ ውሻ እንዲህ እየፈራሽ ባል ቤት እንዴት ልትገቢ ነው?” ብለው መለሱልኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ትዳሬ ማሰብዎን አደንቃለሁ፤ ለልጆቹ ፊት ከዚያ ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ቆርሰውለት ቢሆን ግን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለዚያ ቀን። ባለፈው ወር፣ አንድ የሐሙስ ቀን፣ ሱሃይላ ምሳዋን ጠርጋ በላች። ሆዳም አይደለችም፤ እናቷ የሰጠቻት ዳቦና እንቁላል ለእሷ የሚበቃ እንጂ ለሁለት የሚሆን አልነበረም። ጋሽ ሰንበታ በሩ ላይ ክላክስ ላደረገ ባጃጅ ሊከፍቱ ሲሄዱ ሰንሰለቱን ከአጥሩ ብረት ላይ አንጠልጥለውት ነበር፤ ታይገር ሲጎትተው ወጣ። ቀጥ ብሎ የመጣው ወደ ልጆቹ ነው፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት የሚጎርሰው ከእነሱ አይደለም? አብረዋት የነበሩት ልጆች እንደሚናገሩት ሱሃይላ ሁለት መዳፏን ዘርግታ “አልቋል” አለችው። ሲጠጋት እጇን ከኋላዋ ደበቀች። እግሮቹን ትከሻዋ ላይ ሲሰቅል ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉንጯና የቀኝ ክንዷ ላይ ማንበብ ይቻላል። ከሥሩ ያወጧት መምህሯ ናቸው። ሲያወጧትም አሁንም “አልቋል፣ አልቋል” ትል ነበር።

እኔ ስደርስ ክቡርነትዎ ከቢሮ ወጥተው መመሪያ እየሰጡ ነበር። የነከሳት ውሻ ፀጉር ተቆርጦ፣ ተቃጥሎ፣ አመዱ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዋል። ጋሽ ሰንበታ መቀስ በእጃቸው ይዘው እንባቸው እየወረደ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው” አሉኝ። እንደ ልጃቸው ስለሚያዩኝ አልተቆጣኋቸውም። መቀሱን ተቀብዬ ልጅቷን ቧንቧ ሥር ወሰድሁና በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ደጋግሜ አጠብሁላት። እርስዎ በበኩልዎ ውሃው ግቢውን እያጨቀየው መሆኑን አስታወሱኝ። ስለ ግቢው ንጽሕና ያለዎትን ጥንቃቄ ያን ጊዜ ባላመሰግንም ይኸው አሁን አመሰግናለሁ።

ታይገርን ግን አልከስስም። በአዳማ ፀሐይ፣ ከቆርቆሮ ሥር፣ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት ክፉ ሁን ቀን ዘመድ ሁን የሚባል እንስሳ ከዚህ የተሻለ ምን ሊያደርግ ይችላል? የተማረውን ሠራ። የምጠይቀው አስተማሪውን ነው።

አራተኛ፣ ስለ ታይገር መሰወር። ሐኪሙ ሱሃይላን ከሰፋ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀው “ውሻው የት ነው?” ብሎ ነው። የተከተበ መሆኑን የሚያሳይ ምንም ማስረጃ ስለሌለ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን ወዲያው ጀመረላት፤ ውሻው ግን ታስሮ ለጥቂት ቀናት ቢታይና ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ የቀረው መርፌ ሊቆም እንደሚችል ነገረን። ደስ ብሎኝ እየሮጥሁ መጣሁ። ታይገር የለም። ጠየቅሁ፤ አንዱ ጠፋ አለኝ፣ አንዱ ሞተ አለኝ፣ እርስዎ ደግሞ “ነገሩ እንዲበርድ ከአካባቢው ዞር ብሏል” አሉኝ። ዞር ብሏል! እንደ አንድ የሥራ ኃላፊ። የት እንደሆነ ስለምንዎ ይህ የኮሚቴው የውስጥ ጉዳይ እንደሆነ አስረዱኝ። ስለዚህ ሱሃይላ እየተወጋች ነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ የእናቷን ቀሚስ በጥርሷ ትይዛለች። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ እንኳ ሲያልፍ መዳፏን ዘርግታ ባዶ መሆኑን ታሳያለች። እኛ ደግሞ በየምሽቱ ግንባሯን እንዳስሳለን፤ ውሃ ስትጠጣ እንደ ሌባ ተደብቀን ጉሮሮዋን እናያለን። ውሻው ጤነኛ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ሰው እዚሁ ሰፈር እያለ።

አምስተኛ፣ ስለ እርቁ። ሽማግሌዎች ልከው ስላከበሩን ቤተሰባችን በሙሉ ያመሰግናል። ይዘው የመጡት አሻንጉሊት ሳይታሰብበት የተገዛ መሆኑን ላምን እወዳለሁ፤ ምክንያቱም አሻንጉሊቱ ውሻ ነበር። ቡኒ፣ ጸጉራም፣ አፉን የከፈተ። ሱሃይላ አልጋ ሥር ገብታ እስኪወጡ አልወጣችም። ያቀረቡት ስምምነትም በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ልጅቷ እንስሳውን ሳታጎርሰው በመቅረቷ እንዳስቆጣችው፣ እኛ ለፖሊስ ያቀረብነውን አቤቱታ እንደምናነሳ፣ ቦቢም በግቢው እንደሚቆይ፣ የማጉረሱም ልማድ “በሥርዓት” እንደሚቀጥል ይላል። አንዱ ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞረው “ኑሬ፣ አንተ ደህና ሰው ነህ፣ ይህችን ልጅህን ብቻ ያዝልን” አሉ፤ መልእክቱ ከማን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ኮሚቴው ውሻ ማሰር አቅቶት እኔን ለማሰር ሽማግሌ መላኩን ለታሪክ መዝግቤያለሁ። አባቴም የመለሰው አጭር ነው፤ “እሷን የያዝኋት ዕለት የሱሃይላን እጅ ማን ይይዝልኛል?” አለ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ተዘግቶ የቆየው መዋዕለ ሕጻናት ሰኞ ይከፈታል ተብሏል። አቤቱታችን ፖሊስ ጣቢያ እንዳለ ይቆያል። ሰኞ ጠዋት ከሌሎች እናቶችና አባቶች ጋር በሩ ላይ እንቆማለን፤ ቦቢ በግቢው ውስጥ እስካለ ድረስ አንድም ልጅ ያን ደፍ አይሻገርም። ሌሊት ይጠብቅልን፣ ሌባ ያባርርልን፣ እሰየው፤ ጎሕ ሲቀድ ግን ተከትቦና በልቶ፣ ልጆች የማይደርሱበት ሌላ ግቢ ውስጥ ይዋል። ግቢ ከጠፋ የእርስዎ ግቢ ሰፊ ነው። ልጆቻችን የሚያጎርሱት ካስፈለጋቸው እርስ በርሳቸው ይጎራረሱ። የታይገርን አድራሻ ደግሞ ለእኔ መንገር ክብርዎን የሚነካ ከሆነ ለሐኪሙ በስልክ ይንገሩት፤ ስሜን ማንሳት አያስፈልግዎትም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሰፈራችን ሰላም፣ ለኮሚቴው ክብርና ለግቢው ንጽሕና ያለዎት ትጋት ቀን ከሌት እንዳይለይዎ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለልጆችም እንዲተርፍ እመኛለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
ሰንሰለት ያልተገኘላት፣ ባል ቤት ለመግባትም ያልቸኮለች፣
የሱሃይላ አክስት
ፎዚያ ኑሬ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን አሳትሜ ከኮፒ ቤቱ ስወጣ፣ በአይሱዙ እህል የሚያመላልሰው ጎረቤታችን ጃዕፈር አስቆመኝ። ታይገርን በእርስዎ ትእዛዝ አርሲ ነገሌ ያደረሰው እሱ መሆኑን፣ ልጅ የነከሰ ውሻ መሆኑን ግን እንዳልተነገረው ነገረኝና የተቀባዮቹን ስልክ ሰጠኝ። ደወልሁ። ያነሳችው ሑስና የምትባል ሴት ናት። ውሻው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፍጹም ጤነኛ ነው አለችኝ፤ ሐኪሙ ይታይበት ያለው ጊዜም ካለፈ ሰንብቷል። ለሐኪሙ ወዲያው ነግሬዋለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም እዚያው አይቶት ካረጋገጠ ሱሃይላ ከእንግዲህ አትወጋም። ይህን ለማወቅ ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ለሑስና ስለ ሱሃይላ ነገርኋት። ሦስት ልጆች አሏት፣ የመጨረሻው ገና መራመድ መጀመሩ ነው፤ እርስዎም ሲልኩላት “ልጅ የሚወድ ውሻ ነው” ብለዋታል። ከዚያ እየሮጠች ሄዳ በር ስትዘጋ በስልኩ ሰማሁ። ተመልሳ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ “ያንን ሰውዬ፣ የእኔዎቹ ልጆች አልመሰሉህም ወይ በይልኝ።” ይኸው ብያለሁ።