በአንድ አውራ ጣት ላይ ስለቀረበው ክስ

ለምህንድስና ማሻሻያ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ በዚህ ደብዳቤ ላይ በተቀመጠው ጠርሙስ ትከሻ ላይ ታትሟል
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እግረ መንገዱንም ስለ እትዬ አቁም

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? በተለይ ደግሞ ስለ እኛ ሲሉ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክለው የሚውሉት ዓይኖችዎ እንዴት ናቸው? እኛ የመስመር ሦስት ሰዎች፣ በጠርሙስ ጫጫታ ጆሯችን ትንሽ ከመክበዱ በስተቀር፣ እጅግ ደኅና ነን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቢሮዎ ወደ እኛ ምድር ቤት መውረድ ለጉልበትዎ እንደማይስማማ ስለምናውቅ፣ ከምረቃው ቀን ወዲህ ብቅ አለማለትዎን አንድም ቀን በክፉ ተርጉመነው አናውቅም።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ የልጆች የሳል ሽሮፕ በሚሞላበት መስመር ላይ ማተሚያውን የማንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ነኝ። ሥራዬ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ትከሻ ላይ ሁለት ቀን ማተም ነው፤ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን። ጠርሙሱ ሳይቆም፣ ማተሚያው ሳይነካው፣ ቀለሙ ጠብታ በጠብታ እየተተኮሰ ይጻፍበታል። ከእኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው የሚቆሙት ደግሞ በመዝገብ ሌላ ስም ያላቸው፣ እኛ ግን እትዬ አቁም የምንላቸው የጥራት ተቆጣጣሪ ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእሳቸው ምክንያት ነው፤ ይሁን እንጂ ምስጋናው ይቅደም።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ ማተሚያ አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የአሮጌው ማተሚያ ቀለም መውጫ ቀዳዳ በደረቀ ቀለም እየተደፈነ፣ ማለዳ ማለዳ በማሟሟያ በተነከረ ጨርቅ ካልጠረግኩት አላትም ይል ነበር፤ ባለቤቴ ማታ በር ስትከፍትልኝ ለዓመታት ፊቷን የምታዞረውም በዚያ ማሟሟያ ሽታ ነው። አዲሱ ራሱን በራሱ ያጥባል፣ ቀለሙ ሲወፍር ራሱ ያቀጥናል፣ ሽታውም እምብዛም ነው። እሳት የላሰ ማሽን ነው፤ የሠሩት ሰዎች እጃቸው ይባረክ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ እሱን እንደማይመለከት በቅድሚያ ይታወቅልኝ፤ እሱ ምን አጠፋ፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። በደቂቃ ሰማንያ ጠርሙስ እናሳልፍ የነበርን ሰዎች ዛሬ መቶ አርባ እናሳልፋለን። ጠርሙሱ ከተሞላና ከተከደነ በኋላ ከላይ ታጥቦ፣ አየር በሚነፋው ማድረቂያ ፊት አልፎ፣ ደርቆ ነው እኔ ዘንድ የሚደርሰው፤ ይደርስ ነበር ማለቴ ነው። ፍጥነቱ ሲሻሻል ማድረቂያው አብሮ ሳይሻሻል ቀረ። አሁን ጠርሙሶቹ በማድረቂያው ፊት የሚያልፉት እንደተጣላ ጎረቤት ፊታቸውን አዙረው ነው፤ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ገና ትከሻቸው እርጥብ ነው። በውኃ ላይ የተጻፈ ቀን ደግሞ ለጊዜው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል፤ የሰው ጣት ሲነካው ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንኳ ለእኛ አይሠራም፤ እኛ ያፈሰስነውን የሚለቅመው ሌላ ሰው ነውና።

ሦስተኛ፣ ማራገቢያውን ስላነሡልን። በምረቃው ዋዜማ ከመስመሩ አጠገብ አንድ የቤት ማራገቢያ በመጥረጊያ እጀታ ላይ በሽቦ ታስሮ ባገኙት ጊዜ መደንገጥዎን አስታውሳለሁ። እውነትዎን ነው፣ አያምርም ነበር። የአንዱ ክንፉ ጫፍ ስለተሰበረ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ቀለሙም ለፋብሪካ የማይሆን ሮዝ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት እትዬ አቁም ከገዛ ሳሎናቸው ተሸክመው ያመጡት ይኸው ማራገቢያ፣ ማድረቂያው የተወውን እርጥበት የሚጨርስልን እሱ እንደነበረ በየትኛውም ንድፍ ላይ ስላልተጻፈ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። እኛም አልነገርንዎትም፤ የጠየቀን ሰው አልነበረማ። «ከንድፉ ውጭ የሆነ ዕቃ» ተብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተወሰደ። አሁን የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ሙቀት ሲበረታበት ራሱ ላይ ያዞረዋል ሲባል ሰምተናል፤ በዚህ ግቢ ቢያንስ የአንድ ሰው ላብ እየደረቀ በመሆኑ ደስ ብሎናል።

አራተኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ። በእኛ መስመር የጠርሙሱ ጫጫታ የሰው ድምፅ ስለማያሰማ የምንግባባው በምልክት ነው። እትዬ አቁም ከየሃምሳው ጠርሙስ አንዱን ያነሣሉ፤ በአውራ ጣታቸው ሦስት ጊዜ ያሹታል፤ ቀኑ ከቆየ ይመልሱታል፣ ከሄደ ያንን በቀለም የጠቆረ አውራ ጣት ወደ ላይ ያነሣሉ። እኔም ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ፣ መስመሩ ይቆማል። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ታዲያ በምረቃው ቀን እርስዎ ሪባኑን ቆርጠው፣ እንግዶችም ከበውዎት፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሲወጡ፣ እትዬ አቁም አንዱን አንሥተው አሹና አውራ ጣታቸውን ቀሰሩ። እርስዎም ፈገግ ብለው የራስዎን አውራ ጣት ቀሰሩላቸው። እሳቸው ምልክቱ ያልታየ መስሏቸው ከፍ አደረጉት፤ እርስዎም በአክብሮት መልሰው ከፍ አደረጉት። ፎቶ አንሺው ይህን ጊዜ አላሳለፈውም። ፎቶው ዛሬ በቢሮዎ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ ሆኖ፣ ከሥሩ «ሠራተኞች ማሻሻያውን በደስታ ሲቀበሉ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይገኛል። ሲያልፉ ቀረብ ብለው ቢያዩት፣ የእርስዎ ጣት ንጹሕ፣ የእሳቸው ጥቁር ነው። ስለ ችግሩ የቀረበው የመጀመሪያው ሪፖርት እሱ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ እጄ ቀዩ ቁልፍ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። እንግዳው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔም እጄን ከቁልፉ አንሥቼ አጨበጨብኩ። ሌላ ሰው ሳይናገረው ራሴ ልናገረው ብዬ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ሥልጠናውና ስለ መመሪያው። ከምረቃው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት እትዬ አቁም በአንድ ፈረቃ ሰባት ስምንት ጊዜ መስመሩን ማስቆማቸው ስክሪንዎ ላይ በቀይ ሲታይ፣ በመጀመሪያ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ እያንዳንዷ የቀለም ጠብታ ኤሌክትሪክ ተሸክማ እንዴት ወደ ቦታዋ እንደምትታጠፍ ባማረ ሥዕል አስረዱን፤ እኔ በበኩሌ እጄን በአፌ ጭኜ ነው የሰማሁት። እትዬ አቁም እጃቸውን አውጥተው፣ ጠብታዋ ቦታዋ ስትደርስ ውኃ ተቀምጦበት ብታገኝ ምን ታደርጋለች ብለው ቢጠይቁ፣ ጥያቄያቸው «ሌሎች ጉዳዮች» ከሚለው ሥር ተመዘገበና የሻይ ሰዓት ሆነ። በአስተያየት ሣጥን ሦስት ጊዜ ጽፈው አስገቡ፤ ሦስት ጊዜም ስለ ንቁ ተሳትፏቸው የሚያመሰግን፣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ደረሳቸው። ከዚያ ክፍልዎ ጠለቅ ያለ ጥናት አካሂዶ፣ ቀኑ የሚጠፋው በጣት ስለሚታሽ መሆኑን ደረሰበት። ማንም ሠራተኛ የታተመ ጠርሙስ በእጁ እንዳይነካ የሚል መመሪያ ወጣ፤ በቀይ መስመር የተሰረዘ የእጅ ሥዕልም በየምሰሶው ተለጠፈ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ መስመራችን ላይ ጠፋ የተባለ ቀን የለም። የሚያሽ ሰው ከሌለ ማን ያያል? የወሩ ሪፖርት ጥራታችን መቶ በመቶ መድረሱን ያበሥራል፤ ማተሚያውም ይመሰክርልዎታል፣ ግን እሱ የሚቆጥረው የተኮሰውን እንጂ ጠርሙሱ ላይ የያዘውን አይደለም።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ከምስጋና ጋር አይቆጠርምና። ባለፈው ሳምንት አርባ ሁለት ካርቶን ሽሮፕ ከመድኃኒት ቤቶች ተመለሰ። አንዲት ፋርማሲስት ከካርቶኑ ጋር በላከችው ወረቀት ላይ፣ አንዲት እናት የሚያስል ልጇን ታቅፋ፣ ጠርሙሱን እያገላበጠች መቼ እንደሚያበቃ ብትጠይቃት የምትመልሰው እንዳጣች ጽፋለች። ሽሮፑ ደኅና ነው፤ እናትየዋ ግን ይህን በምን ታውቃለች? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ዘንድ እያደር የሚጠራው ጠርሙሱ ነው። ልጇን ሳታጠጣ ባዶ እጇን መመለሷን ፋርማሲስቷ ጨምራ ጽፋለች።

ለዚህ ጥፋት ክፍልዎ ተጠያቂ ፈልጎ አገኘ። እትዬ አቁም «የኩባንያውን ሕትመት በአውራ ጣት ሆን ብለው በማጥፋት» ተከሰው ሐሙስ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ ለጡረታ ስምንት ወር ሲቀራቸው ከሥራ እንዲሰናበቱ ተጠይቋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። እኔ የማስታውስዎ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አለ። የጠርሙሱ ቀን ቢጠፋም የካርቶኑ አልጠፋም፤ ካርቶን ደረቅ ነዋ። ሄጄ አንድ በአንድ አነበብኩት። አርባ ሁለቱም የተመረቱት መመሪያው ከወጣ በኋላ ነው፤ ማለትም እትዬ አቁም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በቆሙባቸው ቀናት። ስለዚህ ክሱ እውነት ከሆነ ሴትዮዋ ጠርሙስ ሳይነኩ በሐሳብ ብቻ ያሻሉ ማለት ነውና፣ ይህን የመሰለ ችሎታ ያለውን ሰው ከማሰናበት ክፍልዎ ቢቀጥራቸው ይሻል ነበር።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅርታዎን እለምናለሁ። ትናንት ከፈረቃ ስንወጣ እትዬ አቁምን ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ካለው የእጅ መታጠቢያ ዘንድ አገኘኋቸው። አውራ ጣታቸውን በማሟሟያና በብሩሽ እየፈተጉ ነበር። በጥፍራቸው ዙሪያ ያለው ጥቁር የሃያ ሁለት ዓመት ስለሆነ አልለቅ ብሏል፤ ቆዳቸው ግን ተልጦ ቀልቷል። ምን እያደረጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ቀና ሳይሉ «ሐሙስ እጄን አይተው እንዳይፈርዱብኝ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ብሩሹን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው። ተናደድኩ፣ ከንዴቱም በላይ አፈርኩ። እኔ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ጠርሙስ ላይ የማትመው ቀለም አንድ ቀን እንኳ መዋል አቅቶት፣ የማይለቀው እሳቸው ጣት ላይ ነው፤ እሱም ማስረጃ ሊሆንባቸው ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። ማድረቂያው እንደ ፍጥነቱ ይሻሻል፤ እስከዚያው ሮዙ ማራገቢያ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ክሱም ይነሣ። ይህ የሚከብድ ከሆነ ቁልፉን ያልተጫንኩት እኔ ነኝና ሐሙስ ከእትዬ አቁም ጎን ያቁሙኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ለእንደኔ ዓይነቱ እንጂ ለእርስዎ ማዕረግ አይመጥንም።

ስክሪንዎ ዘወትር አረንጓዴ፣ ጫማዎም ዘወትር ደረቅ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የመስመር ሦስት የማተሚያ ኦፕሬተር
(በአዲሱ መዋቅር፦ የስክሪን ተመልካች)

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
ለሠራተኞች ማኅበር
ለመመገቢያ አዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ (የማራገቢያውን አቧራ እንዲያራግፍ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው በነፋስ እንዳይሄድብኝ ብዬ በላዩ ያስቀመጥኩት ጠርሙስ ዛሬ ጠዋት ከመስመራችን የወጣ ነው። መመሪያዎን አክብሬ የታተመበትን ቦታ ሳልነካ፣ አንገቱን ብቻ ይዤ ነው ጠረጴዛዎ ድረስ ያመጣሁት፤ የዛሬው ቀን ትከሻው ላይ ሲታተምም በዓይኔ አይቻለሁ። ደብዳቤውን ለማንበብ ጠርሙሱን ማንሣት ግድ ነበረብዎ። ቀኑን አሁንም ትከሻው ላይ ካገኙት እኔ ውሸታም ነኝ፤ ሐሙስ ከእትዬ አቁም በፊት እኔን ያሰናብቱኝ። ካላገኙት ግን የት እንደሄደ ለማወቅ ጥናት ማካሄድ አያስፈልግዎትም፤ አውራ ጣትዎን ይመልከቱ። እባክዎ እስከ ሐሙስ አይታጠቡት።