ስለ እትዬ ሚዛን ሞትና ስላልተለካው ማሽን ከማኅበራችን የተሰጠ መግለጫ

የሕክምና ፊዚክስና የጨረር ጥበቃ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች አባል የነበሩት፣ በሠራተኛውም በታካሚውም ዘንድ «እትዬ ሚዛን» እየተባሉ የሚጠሩት አንጋፋ ባለሙያ ባለፈው ማክሰኞ በሥራ ገበታቸው ላይ ሳሉ ባጋጠማቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ ይህን ሲያስታውቅ ሀዘኑ ከባድ ነው። ቁጣውም እንዲሁ፤ ሁለቱን ለይተን መጻፍ አልቻልንም።

«የሥራ ገበታ» የሚለው የሆስፒታሉ አስተዳደር ቃል ነው። ገበታው ምድር ቤት ያለ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር፤ መስኮትም ስልክም የለውም። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ገቡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያ ልትወስድ ስትገባ ወድቀው አገኘቻቸው። ድንገተኛ ክፍሉ ከዚያ በር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የጨረር ሕክምና ክፍሉ ሲከፈት በሙያው የተመረቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ ያዘዘው ጨረርና ከማሽኑ የሚወጣው ጨረር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጡት እሳቸው ነበሩ። ጨረሩ ከበዛ ሰው ያቃጥላል፤ ካነሰ ካንሰሩን ይተወዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት መለኪያቸውን ከማሽኑ ሥር አስተካክለው ይለኩ፣ ይጽፉ፣ ይፈርሙ ነበር።

ሥራ በጀመሩ በአሥረኛ ዓመታቸው ማስተማር ጀመሩ። ከአባሎቻችን አሥራ ዘጠኙ ከእጃቸው የወጡ ናቸው። «ቁጥሩ ካልጣማችሁ ደግማችሁ ለኩ፤ እንዲጥማችሁ ብላችሁ ግን አትጻፉ» ይሉን ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የማሽኑ አንድ ክፍል ተቀየረ። በማግስቱ ሲለኩት ከታዘዘው አሥራ አንድ በመቶ የበለጠ ጨረር ይሰጣል። ሦስት ጊዜ ለክተው ሕክምናውን አስቆሙ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ወርደው መጡ።

«ሰልፉን አያዩም እንዴ?» አሏቸው።

«ሰልፉን ስላየሁ ነው ያስቆምኩት። ተራ በተራ ላቃጥላቸው?»

በሳምንቱ ከውጭ የመጣው መርማሪ ልኬታቸው ትክክል መሆኑን አረጋገጠ፤ ማሽኑም ተስተካከለ። ምስጋናው በወሩ ደረሳቸው፤ «ለሥራ ቅልጥፍና» ተብሎ ወደ ግምጃ ቤቱ ተዛወሩ። የጠዋቱ ልኬት መጀመሪያ ሳምንታዊ ሆነ፣ ቀጥሎ ወርኃዊ፣ ከዚያም ቀረ።

ዘንድሮ አንገቱ ላይ የሚታከም አንድ ልብስ ሰፊ ቆዳው ተላጦ፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት ተኛ። እትዬ ሚዛን ከግምጃ ቤቱ ወጥተው አልጋው ድረስ ሄደው አዩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለአስተዳደሩ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፉ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ማሽኑን አስለኩ። ለአንዱም መልስ አልተሰጠም።

የዘጠነኛው ግልባጭ ለእኛ ደርሶን ነበር። «ይታያል» ብለን መርተን ፋይል ውስጥ አስቀመጥነው። ማኅበሩ ይህን በአደባባይ ያምናል፤ በዝምታችን አፍረናል።

በቀብሩ ዕለት አስተዳደሩ የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣ፤ ሟቿንም «ጸጥተኛና ታዛዥ» የሚል ጽሑፍ አነበበ። ባለቤታቸው ንባቡን አቋርጠው «ጸጥተኛ አልነበረችም። ሰሚ አጥታ ነው። አበባችሁን መልሱና ማሽኑን አስለኩ» አሉ። ማኅበሩ በዚህ ላይ የሚጨምረው ቃል የለውም።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለታናሽ እህታቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩ ቴክኒሻኖችና ነርሶች መጽናናትን እንመኛለን። ለልብስ ሰፊውና በዚያ ማሽን ሥር ለተኙ ታካሚዎች ሁሉ ደግሞ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለአስተዳደሩ የምንልከው የማጽናኛ ቃል የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሦስት አባሎቻችን ማሽኑን ለክተዋል። ከታዘዘው አሥራ አራት በመቶ ይበልጣል። በሕክምና ላይ የነበሩት ሠላሳ ሰባት ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ በሌላ ሆስፒታል እንዲቀጥሉ ሐኪሞቻቸው ተስማምተዋል፤ የልኬቱ ወረቀትም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገብቷል። ቴክኒሻኖቹ ያስረከቡን የማሽኑ ቁልፍ እኛ ዘንድ ነው። የሚፈልገው መለኪያ ይዞ ይምጣ።