ቢራውን ያስገባው የሴቶች ድምፅ

እማዋይሽ፣ የቤቴ እመቤት፣

በሞት ከተለየሽኝ ሁለተኛ ዓመት ይዣለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ስካይዌይ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ምስር ወጥ መሥራት ለምጃለሁ። ልጃችን ሳራ ከምትኖርበት ከሬድመንድ ከተማ በየቀኑ ኮል ታደርጋለች፤ እኔ ጋ ግባ ትለኛለች፤ አልገባም ብያታለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ እድራችን ነው። ባለፈው እሑድ ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በየራሳቸው ድምፅ ሰጡ። አንቺ ትግሉን ስትጀምሪ ድምፅ የአባወራ ብቻ ነበር። «ባልሽ ይመርጥልሽ የለ እንዴ?» ሲሉሽ፣ «ሲያመኝስ መድኃኒቱን እሱ ይውጥልኝ?» አልሻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንቺ ግን አልሳቅሽም።

ያኔ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሽውን መጽሐፍ፣ እኔ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ አብረን እናነብ ነበር። በፈረስ ጋሪ ዘመን ከከተማ ከተማ እየዞረች ሴት ትምረጥ፣ መጠጥ ይቅር ትል ስለነበረች አሜሪካዊት የሚተርክ ነበር። በዚያ ዘመን እዚሁ እኛ ባለንበት ግዛት ሴቶች መምረጥ ጀምረው ነበር። በመጠጥ ቤቶች ላይ ስለተነሱ ግን ባለመጠጥ ቤቶቹ ፍርድ ቤት ተሟግተው መብቱን አስነጠቋቸው። እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ዘግተሽ ወደ ውጭ ወጣሽ።

አንቺም እንደሷ ሁለቱን ነገር አንድ አድርገሽ ያዝሽ፤ ወንድምሽን የገደለው መጠጥ ነውና። ሴት ከመረጠች አዳራሻችን መጠጥ አይገባበትም ትዪ ነበር።

እንዲያ አልሆነም፣ እማዋይሽ። የእሑዱ ጥያቄ በአዳራሹ ለሰርግ ቢራና ወይን ይፈቀድ ወይ የሚል ነበር። ሴቶቹ ፈቀዱ። ሳራም እጇን አወጣች። «ዳዲ፣ ወይን እኮ ነው፣ ኦኬ?» አለችኝ።

ከስብሰባው በኋላ አቶ ደረጀ፣ እንደኛው መጠጥ የማይወደው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ ጉባኤው ያጸደቀው፣ ለሴቶቹ ድምፅ የሚሰጠው ደንብ ላይ እርስዎ እንደ ሊቀ መንበር ገና አልፈረሙም። ካልፈረሙ ድምፃቸው ይሰረዛል፤ ቢራውም አብሮ ይቀራል» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ይቀር ነበር። ግን አድርግ ያለኝ ባለመጠጥ ቤቶቹ ያደረጉትን ነው። ደንቡን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ የራሱ መኪና ላይ አስደግፌ፣ እያየኝ ፈረምኩ።

ተሸነፍን እንዳትዪ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ አንቺ እንዳደረግሽው በየቤቱ እሄዳለሁ፤ የማነጋግረውም ባሎቹን ሳይሆን ሴቶቹን ነው። ከሳራ ጀምሬያለሁ። «አስብበታለሁ ዳዲ» ብላለች።

አንቺን የማስታውሰው ፎቶሽ ፊት ተቀምጬ አይደለም። እግሬ እስከቻለ ድረስ በየስብሰባው ተነስቼ መጠጡ ይውጣ እላለሁ። ድምፅ ተቆጥሮ ከበለጡኝ እቀመጣለሁ። በሚቀጥለው ደግሞ እነሳለሁ።

ያንቺው በላቸው