የጽገሬዳ አልጫ

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ሐሙስ፣ መጋቢት 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ውድ ሀብተሥላሴ፣

እንደምን ከርመሃል? አሰብ ሙቀቱ ጠንክሮብህ ይሆናል። እዚህ ትናንት ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዝናብ ጀምሮ ጣሪያውን ሲደበድብ አመሸ፤ ዛሬም ሰማዩ እንደከበደ ነው። ትናንት ማታ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ያለችው ጎረቤታችን ድንቅነሽ፣ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ደግሞ ልጃችን ጽገሬዳ ነበርን።

አዎ፣ ጽገሬዳ። ዛሬ ጠዋት ወደ አንተ ላክኋት። በአብዱልወሃብ የጭነት መኪና ነው የሄደችው። ይህን ደብዳቤ ነገ የሚነሳው ጓደኛው ነው የሚያመጣልህ፤ ፖስታ ቤት አላስገባውም። ቀድማህ ደርሳ ከሆነ የምጽፍልህን ግማሹን ከፊቷ ታነበዋለህ። ካልደረሰች ግን የማውቀውን ሁሉ ልታውቅ ይገባል ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጣለው።

እሷ ራሷ ትንገረው እንዳልል፣ አንተና እሷ ስትገናኙ መጀመሪያ ዝም እንደምትባባሉ አውቃለሁ። «ወይ ማኅበርሽን ወይ ቤቴን» ያልካት ቀን እሷም በአንድ በር ወጣች፣ አንተም ብዙ ሳትቆይ የአሰቡን ሥራ ይዘህ በዚያው በር ወጣህ። ከዚያ ወዲህ በጻፍክልኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ጣሪያው ትጠይቀኛለህ፣ ስለ አጥሩ ትጠይቀኛለህ፤ የእሷን ስም አንድ ቀን አላነሳህም። አልፈርድብህም። ጣሪያውም ደህና ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በጓሮ በኩል ነው የገባችው። አብረዋት የነበሩት ልጆች ተይዘዋል። የእሷን ስም ሳይናገሩ አይቀሩም፤ እነሱንም አልፈርድባቸውም። ሰው ከተወሰደ በኋላ የሚሆነውን አንተም ሰምተሃልና አልጽፈውም። በየሰው ቤት ስትደበቅ ያገኘችውን እየበላች ጨጓራዋ ብሶባታል። ከስታለች። በርበሬ ድሮም እንደማይስማማት ታውቃለህ፤ አሁን ጠረኑ ራሱ ያጥወለውላታል። ስለዚህ ከእሑድ ጀምሮ የምሠራላት የአትክልት አልጫ ነው፤ ለእኔም ለሁዳዴ ይሆነኛል።

አንተም ልትሠራላት ነውና በደንብ ልጻፍልህ። ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል የለቀምኩ ሴት ነኝ፤ ብሳሳት አትሳቅ። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ከወደብ ደክመህ ገብተህም ትሠራዋለህ። ሽንኩርት ትከትፍና በዘይት ታበስለዋለህ፤ ይለስልስ እንጂ አይቅላ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጠህ ትጨምራለህ። ከዚያ እርድ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ። እርዱ ከዘይቱ ጋር ትንሽ ይታሽ፤ በኋላ ውኃው ላይ ከነሰነስከው ጥሬ ጥሬ ይላል። ካሮት ቶሎ አይበስልምና መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ድንቹን፣ ጥቅል ጎመኑን መጨረሻ ታስገባለህ። ውኃ አታብዛ፣ ጎመኑ ራሱ ያወጣል። ክዳኑን ግጠምና እሳቱን ዝቅ አድርግ። በየደቂቃው እየከፈትክ አታማስል፤ አውቅሃለሁ፣ ድንቹን ታፈርሰዋለህ። ጨው የሚጨመረው ድስቱ ሲወጣ ነው። እኔ ቃሪያ ሰንጥቄ ከላይ ጣል አደርግበት ነበር፣ ለእሷ ግን ተውኩት። እዚያ ጎመን ከጠፋ ዱባም ይሆናል። ደህና ከገባች «ጎመን አገኘሁ» ብለህ በፖስታ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አትጨምር።

አሁን የትናንቱን ልንገርህ።

ድስቱ ቡታጋዙ ላይ ሆኖ ጎመኑን ገና እንደጨመርኩ ድንቅነሽ ነጠላዋን ከዝናቡ በራሷ ላይ ጥላ ገባች። አንኳኩታ የመግባት ልማድ እንደሌላት ታውቃለህ። አንተ ከሄድክ በኋላ የቀበሌው የሴቶች ኮሚቴ ውስጥ ገብታለች። ጽገሬዳ ወደ መጋረጃው ጀርባ ለመግባት ብቻ ነው የደረሰችው።

«ጓድ ወለተሰንበት!» አለችኝ፣ እንደ ወትሮዋ እያሾፈች። «ትንሽ ጨው ስጪኝ እስቲ። ደግሞ ምን እያበሰልሽ ነው?»

«በሁዳዴ ምን አበስላለሁ? አትክልት ነው።»

ክዳኑን አነሳችው። ወደ ድስቱ አየች፣ ወደ እኔ አየች።

«ዓይኔ ነው ወይስ ይሄ አልጫ ነው?»

«ጨጓራዬን አሞኝ ነው» አልኳት።

«አንቺን? ከጡት ቀጥሎ በርበሬ የጠባሽውን? ሀብተሥላሴ አሰብ ድረስ የሸሸው እኮ ወጥሽን ፈርቶ ነው እያልን ነው የምንስቀው!»

«ዕድሜ ነዋ፣ ድንቄ።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚኝ። አንቺ ወጥ ስትሠሪ በዚህ ግድግዳ በኩል እኔን ያስነጥሰኛል። ልጆቼን ያስነጥሳቸዋል። አንቺ ድስት ከጣድሽ እኛ ቤት ሰላም የለም። ከእሑድ ወዲህ አላስነጠሰኝም።»

ማማሰያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«በወዲያ በኩል ያለው ጎረቤትሽም አፍንጫ አለው» አለች። በወዲያ በኩል ያለው፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የገባ ሰው፣ አብዮት ጠባቂ ነው። «ይሄ ሰፈር የአልጫውን ባለቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል፣ ወለቴ። ትምህርት ቤት ሆዷን ይዛ ስትወድቅ ተሸክሜ ያመጣኋት እኔ ነኝ።»

መልሴን አልጠበቀችም። የበርበሬውን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደች፣ በትልቁ ማንኪያ ዛቀችና ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። አንድ ጊዜ ደገመችው። ማማሰያውን ከእጄ ወስዳ አማሰለችው፤ ቢጫው ሁሉ ቀላ።

«ምን አደረግሽ!» አልኩ።

«የወለተሰንበትን ወጥ ሠራሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ በእኛ መደዳ ፍተሻ አለ። አልጋ ሥር ያያሉ፣ ኮርኒስ ይወጋሉ፣ ድስትም ይከፍታሉ። እኔም አብሬያቸው ነኝ፤ እቀራለሁ ማለት አልችልም። ያኔ ይሄ ቤት የአንቺ ቤት ሆኖ ይቆየኝ። አንቺና ወጥሽ ብቻ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ጨጓራሽን እግዜር ይማርሽ» አለች፣ ለመንገዱም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ጨዉን ሳትወስድ ወጣች።

ጽገሬዳ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። አሁንም ስትናገር ድምፅዋ የአንተ ነው። «ትናገርብናለች?» አለችኝ። «መናገር ብትፈልግ በርበሬዬን አትጨርስብኝም ነበር» አልኳት። ድንቹን እየለቀምኩ በውኃ አጠብኩላት፤ እሱንና ደረቅ እንጀራ በላች።

ከዚያ ነጠላዬን ተከናንቤ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። ባሏ አብዱልወሃብ ጎህ ሲቀድ ወደ አሰብ እንደሚነሳ በሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ነገርኳቸው። ዘሀራ ወዲያው አለቀሰች። እሱ ግን ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ፤ እንቢ ሊለኝ ነው ብዬ ነበር።

«የሚስቴ እህት ናት እላለሁ» አለ። «ዘሀራ ልብስና ሻሽ ትሰጣታለች። የታናሽ እህቷም መታወቂያ አለ፤ ፎቶው ደብዝዟል። አንድ ነገር ብቻ አለ፣ እትዬ ወለተሰንበት። ኬላው ላይ ያሉት ልጆች ብልጥ ሆነዋል። ወረቀት አይተው አይበቃቸውም። እኛ ሹፌሮች የምንበላበት ቤት ገብተው ትሪያችንን ያያሉ። በናንተ ሁዳዴ ሻሽ አስራ ሥጋውን የምትገፋ ልጅ ካዩ አለቀ። በቀደም አንዷን እንዲህ ነው ያወጧት፤ ከኋላችን ካለው ገበታ።»

«ትበላለች» አልኩት።

«እንደ ለመደ ሰው ነው መብላት ያለባት። ፊቷ ከተቀየረ እኔም ልጆቼም የለንም።»

«ትበላለች አልኩህ።»

ቤት ተመልሼ ስነግራት ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ መጾም ከተውኩ እኮ ቆየሁ! ለዚህ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?» አለችኝ። አንተንም እኔንም ስለ ጾም ስትከራከረን የነበረውን ታስታውሳለህ፤ ጭቁኑን ሕዝብ ሆዱን ባዶ እንዲያደርግ ማን አስተማረው የምትለውን። በንግግር ጾም መተውና የእስላም ሥጋ ጎርሶ በሰው ፊት መዋጥ አንድ አልመሰለኝም።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን እንዳለ ልጻፍልህ፤ ከእሷ አፍ ከምትሰማው ከእኔ እጅ ይሻላል።

ሳይነጋ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ጸሎቴን ጀምሬ መሀል ላይ ተውኩት። ዘሀራ ቤት ሄጄ ሥጋ ካላት ጠየቅኋት። ከማታው የተረፈ ቅቅል ነበራት፣ ለባሏ ስንቅ ያስቀመጠችው፤ በርበሬ የለበትም። አሙቃ በሳህን ሰጠችኝና «እትዬ፣ እርስዎ አይያዙት፣ እኔ ላምጣው» አለችኝ። «እኔው ልያዘው» አልኳት። በነጠላዬ ሸፍኜ በገዛ እጄ ወደ ቤቴ አስገባሁት።

ጽገሬዳ የዘሀራን ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሹን አስራ ተቀምጣለች። ሳህኑን ከፊቷ አስቀመጥኩ። ጠቅልላ ወደ አፏ አስጠጋችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። «አልራበኝም» አለች። «መንገድ ላይም አልራበኝም ልትዪ ነው?» አልኳት። እንደገና አነሳችው። «አንቺ እያየሽኝ አልችልም» አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩላት። ብዙ ቆየሁ። የማኘክ ድምፅ የለም። ዞር ስል እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ይወርዳል። ያቺ ስንቱን መጽሐፍ ስትጠቅስብን የኖረች ልጅህ፣ ጉሮሮዋ እንቢ አላት።

እዚያው አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እንጀራ ቆረስኩ፣ ሥጋውን ያዝኩበት፣ ጎረስኩ። አኘክሁት፣ ዋጥኩት። ሁለተኛም ጎረስኩ። «ዘሀራ ጨው ታበዛለች» አልኳት።

እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ ልጽፍልህ አልችልም። ከዚያ እየሳቀች አለቀሰች፤ ሦስተኛውን እኔ አጎረስኳት፤ የቀረውን ራሷ በላች። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ አብረን በላን። መጨረሻ ላይ ፊቷ የማንም ሹፌር ዘመድ ፊት ሆኖ ነበር።

አላቀፍኳትም። ዘሀራ መጥታ በጓሮ በኩል ይዛት ወጣች፤ እኔ መጥረጊያ ይዤ ደጄን መጥረግ ጀመርኩ። ጫፉ ላይ ሲታጠፉ ከኋላ አየኋቸው። የምትራመደው እንደ አንተ ነው፣ አንዱን ትከሻ ዝቅ አድርጋ፤ እሱን አስተካክዪ ማለት ረስቻለሁ። መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያንኑ ቦታ ጠረግሁ።

ሳህኑን አጥቤ ለዘሀራ መለስኩ። ጽገሬዳ የተኛችበትን ጨርቅ አጥቤ አሰጣሁ፤ ጓዳውን ጠረግሁ። ከሰዓት በኋላ ፈታሾቹ ከድንቅነሽ ጋር መጡ፤ ቀዩን ወጥ ከፍተው አይተው ሄዱ። ከዚያ ነጠላዬን ለውጬ ልደታ ሄድኩ። ከቅጥሩ በር ስደርስ እግሬ ቆመ። በልቻለሁና አልገባሁም፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ጧፍ ከምትሸጠው ሴትዮ ጎን ቆምኩ። «ዛሬ ምነው ከደጅ ቀረሽ፣ እመይቴ?» አለችኝ። «ዛሬ ከዚህ ይበቃኛል» አልኳት። ግንቡን ተሳለምኩ። ይቅርታ አልለመንኩም። ለሌላ ቀን አቆየሁት። መንገዱን ብቻ ለመንኩ፤ ኬላውን በየስሙ እየጠራሁ፣ ናዝሬትን፣ አዋሽን፣ ሚሌን። ስጨርስ እንደገና ከናዝሬት ጀመርኩ።

ለአንተ ጤናውን ይስጥህ፣ የባሕሩንም ሙቀት ያብርድልህ። በርህ ሲንኳኳ ቶሎ ክፈት።

ባለቤትህ
ወለተሰንበት